ቀድማ መናገር የነበረባት ልጅ

እኔ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «ብሩክ ዝም ካለ ሐኪም ይጠራ» ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዝምታ ላጥና ብሎ መነሳቱ ራሱ ቀልድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። የምነግራችሁ ከአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እስከ ዓርብ ረፋድ ድረስ የሆነውን ነው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ስም መቀየር ብቻውን ሰውን እንደማያድን ግን ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ናይሮቢ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። በዚያን ወቅት አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮንትራቴ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ የሥራ ፈቃዴም ከእሱ ጋር። የሚያልቅበት ወር ሲቃረብ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ይወጣል። እሁድ እሁድ ደግሞ በኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ፤ የወጣቶቹን ጸሎት የምመራው እኔ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሦስት ሆነን ያቋቋምነው የጥናት ቡድን ነበረን። የምናጠናው የራሳችንን ማስተማር ነው። መሪያችን ዋንጂኩ የትምህርት ክፍል መምህርት ናት፤ ስትራመድ እንኳ አጀንዳ የያዘች የምትመስል ኬንያዊት። ሌላው ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ ኤርትራዊ፣ የኬሚስትሪ መምህር፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። «ኦኬ» ባልኩ ቁጥር «እሺ የት ሄደ?» ይሉኛል።

አሠራራችን ቀላል ነበር። አንዳችን ስናስተምር ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ጋሽ ተስፋይ ላብራቶሪ ሄደን ቻይ፣ የኬንያን የወተት ሻይ፣ እየጠጣን እንነጋገራለን። አንድ ደንብ ግን አለ፤ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሲያስተምር የታየው ሰው ቀድሞ ካልተናገረ በስተቀር ማንም አይናገርም። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተበላሸ ትምህርት አስተምሬ፣ እፍረት አፌን ይዞኝ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሦስታችንም ስኒያችንን እያየን ተቀምጠናል። ዋንጂኩ ሰዓቷን ደጋግማ አየች፤ ጋሽ ተስፋይ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ሰውየው ስለ ራሱ ሳይናገር ስለ እሱ ማውራት ሐሜት ነው» አሉኝ በኋላ። «በጥናት መልክ ቢጻፍም ሐሜት ነው።»

በሦስተኛው ዓመታችን አንድ ጥያቄ ያዝን። መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ይላል? ተማሪዎችን አንድ በአንድ ለማነጋገር ተስማማን። ዋንጂኩ «እያንዳንዱ በሚቀለው ቋንቋ ይናገር» አለች፤ የአማርኛዎቹ ለእኔ ደረሱ።

ሊዲያ ከእነሱ አንዷ ነበረች። የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ልትመረቅ ሁለት ወር ቀርቷታል። በፈተና ከክፍሉ የመጀመሪያ ሦስት ተማሪዎች ወርዳ አታውቅም፤ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅዋን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ታነሳለች እንጂ «አቤት» አትልም። ስደተኛ ናት፤ ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ የስደተኞች ሰፈር ከአክስቷ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከወጣቶች ጸሎት ቀርታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ቢሆን «ጋሽ ብሩክ» ነው የምትለኝ።

ቢሮዬ መጣች። የስምምነት ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው፤ ሳታነብ ፈረመች። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መቅጃውን ከፈትኩ።

«በአማርኛ እንጫወት፤ ልክ እሁድ እንደምንጫወተው» አልኳት።

እስቲ ይህችን ንግግሬን ያዙልኝ። የበደሌ መጀመሪያ እሷ ናት።

«ጋሽ ብሩክ፣ ይሄ ነገር ለማን ነው የሚሄደው?»

«ለማንም። ስምሽ አይወጣም። አታስቢ፤ እኔ አለሁ አይደል?»

መጀመሪያ ስለ እንግሊዝኛዋ አወራች፤ ቀጥላ ስለ መምህራኑ ፍጥነት። ከዚያ ዝም አለች። ተጠያቂ ዝም ሲል መጠበቅ እንደሚገባ ከመጽሐፍ ተምሬያለሁና ጠበቅሁ።

«ስም ሲጠራ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሊዲያ እኮ እኔ አይደለሁም። እህቴ ናት። ሞያሌ ሳንደርስ መንገድ ላይ ታማ ሞተችብኝ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው እሷ ናት፤ እኔ ከአሥር ነው ያቋረጥኩት። ሰርተፊኬቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እዚህ ስመጣ በሷ ስም ተመዘገብኩ፤ የስደተኛ መታወቂያዬም፣ አላይን ካርዱ፣ በሷ ስም ነው። በየቀኑ የሞተች ሰው ይጠራሉ፣ እኔ እጄን አነሳለሁ። አፌን ከከፈትኩ የራሴ ስም የሚያመልጠኝ ይመስለኛል።»

የራሷ ስም ማርታ ነበር። ከአክስቷ በቀር አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግራው አታውቅም። አለቀሰች፤ እጄን ትከሻዋ ላይ ጭኜ ጸለይኩላት። ስልኩን ያጠፋሁት «አሜን» ካልን በኋላ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ልቤ ያዘነውን ያህል ደስም ብሎት ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች የሚሉን «አፍራለሁ»፣ «እንዳልሳሳት ነው» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ቡድናችን አግኝቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲው አመራር ቡድናችንን ቋሚ ማዕከል ለማድረግ አስቦ ገለጻ እንድናቀርብ ጠየቀን። ከጸደቀ ኃላፊው እኔ እንደምሆን ዋንጂኩ ሹክ ብላኛለች። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል። የማርታን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ የገለጻው መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ስሟን ሰረዝኩ፤ የሰርተፊኬቱንም ነገር ሰረዝኩ። «በየቀኑ የምጠራው በሞተች እህቴ ስም ነው፤ ስለዚህ አፌን አልከፍትም» የሚለውን ግን እንዳለ አቆየሁት። ከእሱ የሚበልጥ ነገር በእጄ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ተስፋይ ስላይዱን አዩት።

«ልጅቷ አይታዋለች?»

«ስሟ እኮ የለበትም፣ ጋሽ ተስፋይ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። አይታዋለች ወይ ነው ያልኩህ።»

«ጊዜ የለም። ገለጻው እኮ ረቡዕ ነው።»

«የምትለማመድበት ክሊኒክ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። 

ጊዜስ ነበረ። ያልሄድኩት ካሳየኋት «አይውጣ» ትለኛለች ብዬ ስለፈራሁ ነው።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያ ስላይድ መጣ። ከፊት የተቀመጠችው የሪጅስትራር ኃላፊ ማስታወሻዋን አወጣች። ልቧን የነካሁት መሰለኝ። እጇን አነሳች።

«ዶክተር ብሩክ፣ ይህ እንዲሁ አባባል ነው ወይስ ተማሪዋ በትክክል ያለችው?»

«ቃል በቃል ያለችው ነው። የተረጎምኩትም ራሴ ነኝ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከጥቅሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈች አንድ መስመር ነበረች። በእኛ ሙያ ጥቅስ ከየት እንደመጣ ካልተጻፈ ፈጠራ ነው ይባላል። እኔም ጠንቃቃ ነኝ፤ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ተማሪ 11፣ ሴት፣ ነርሲንግ፣ አራተኛ ዓመት፣ ከአማርኛ የተተረጎመ።» በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አራተኛ ዓመት ነርሲንግ የምትማር አማርኛ ተናጋሪ ሴት አንዲት ብቻ ናት። ተማሪ ስቆጥር የምውለው የስታቲስቲክስ መምህሩ አንድ ሰው መቁጠር አቃተኝ። ተጨበጨበልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ለልጆቼ ኬክ ገዝቼ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሪጅስትራር ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ ያለው ነው፤ ሌላው የተማሪ መታወቂያ ፎቶ። ዓይኖቹ ይመሳሰላሉ፤ አገጩ ግን ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጎን ለጎን አድርጎ አላያቸውም ነበር።

«ይህች ናት?» አለችኝ።

 «የተማሪዎቹን ማንነት ላናወጣ ቃል ገብተናል።»

«ትናንት አወጣችሁት እኮ።» ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ዶክተር ብሩክ፣ ልጅቷ ነርስ ልትሆን ነው። ሰው ትወጋለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። አንድ ቀን በእጇ በሽተኛ ቢሞት መዝገብ ላይ የማንን ስም እንጽፋለን? የሞተችውን?»

ፎቶግራፎቹን እንደገና አየኋቸው። ይህ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴ ይሰበሰባል። የድምፅ ቅጂውን ይዘው ይምጡ። የማዕከሉንና የኮንትራትዎን ጉዳይም የሚያየው ይኸው ኮሚቴ ነው» አለችኝና ፋይሉን ዘጋች።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ተስፋይ ላብራቶሪ ሄድኩ። ዋንጂኩ ሁሉንም ሰምታ «ፖሌ ሳና፣ ብሩክ» አለች። ይህ በስዋሂሊ «አይዞህ፣ በጣም አዝናለሁ» እንደ ማለት ነው። ትንሽ አሰበችና ቀጠለች።

«ቅጂውን መስጠት አይታሰብም። ጥቅሱ ከብዙ ተማሪዎች ቃል የተቀላቀለ ነው በል። ያኔ ከፎቶው ሌላ የያዙት አይኖርም፤ በፎቶ ብቻ ደግሞ አይደፍሩም።»

«ትናንት ቃል በቃል ነው ብዬ! ውሸት እኮ ነው።»

«አዎ፣ ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ የሦስት ዓመት ሥራችንን ማንም አያምነውም፤ ቡድኑም ያበቃለታል። የተሻለ ካለህ አምጣ።»

ጋሽ ተስፋይ መስኮቱ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው ነበር። «ልጅቷ ታውቃለች?» አሉ ሳይዞሩ።

አልነገርናትም ነበር። ስለ እሷ ስንመክር እሷን ስንረሳ ይህ ሁለተኛችን ነበር።

ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዤ ወደ መሃል ከተማ ወረድኩ። ዝናብ ይዘንባል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። የምላትን በልቤ ስደረድር፣ የደረደርኩትን ሳፈርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ክሊኒኩ በር ላይ ስታየኝ ፊቷ ፈካ።

«ውይ ጋሽ ብሩክ! ምን እግር ጣለዎት?»

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ነገርኳት። የለበሰችው ነጭ ጋዋን ነበር፤ ስናገር ሁሉ ኪሱ ላይ ያለውን ስም ታያለች። «ሊዲያ» ይላል። ስጨርስ ቀና አለች።

«ቮይሱን ሰምተውታል?»

«አልሰሙትም። አልሰጠኋቸውም።»

«ጸሎቱም አለበት?»

«አለበት።»

አቀረቀረች። «እኔ እኮ ለወንድሜ ነው የነገርኩት። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ከማን ጋር እንዳወራሁ አላወቅኩም ማለት ነው።»

«ማርታ…»

«ሊዲያ ይበሉኝ። ሰው ይሰማል።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ቸኩዬ የዋንጂኩን መላ ነገርኳት፤ ቃሉ ከብዙ ተማሪ የተቀላቀለ ነው እንደምል፣ ከዚህ ጣጣ እንደማወጣት።

«ይዋሻሉ ማለት ነው?»

«ለአንቺ ስል።»

«ስላይዱንም ለእኔ ሲሉ ነው የሠሩት?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ከውስጥ ስሟን፣ የእህቷን ስም ማለቴ ነው፣ ጠሩት። እጇ የተቃጠለ አንዲት ሴት ፋሻ ሊቀየርላት እየጠበቀች ነበር።

«ይቅርታ ዶክተር፣ በሽተኛ አለችብኝ» ብላ ተነሳች።

«ዶክተር» ያለችኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አምስት የኮሚቴ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እኔና ዋንጂኩ ከአንድ ወገን ነን። ስልኬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ማርታ ተጠርታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ጫማዋ ይታየኛል። ጋሽ ተስፋይ የቡድኑ አባል ሆነው ሳለ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ አጠገቧ ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ጠየቁኝ። «ዶክተር ብሩክ፣ በስላይድዎ ላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ውጭ ያለችው ናት?»

ዋንጂኩ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «የተቀላቀለ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ ኮንትራቴ ታየኝ፤ ረቡዕ «ቃል በቃል» ያልኩትን የሰሙት ሁሉ ታዩኝ፤ ሚስቴ ታየችኝ። እውነቱን ብናገር የምትጠፋው ማርታ ናት፤ ብዋሽ የምጠፋው እኔው ነኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ ያን ቀን የእኔ ዝምታ ሲነቅዝ ለራሴ ይታወቀኝ ነበር። ሰብሳቢው ጥያቄውን ደገሙት። አሁንም ዝም አልኩ።

በሩ ተከፈተና ማርታ ሳትጠራ ገባች።

«መጀመሪያ እኔ ልናገር» አለች።

በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። «ስሜ ማርታ ነው። ሊዲያ ታላቅ እህቴ ናት። በሕይወት የለችም። ሰርተፊኬቱ የእሷ ነው፤ የአራት ዓመቱ ፈተና የእኔ ነው። ዶክተር ብሩክን አትጠይቋቸው፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።» ትንሽ ቆመች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሰኞ ፋሻ የምቀይርላት ሴት አለች። እኔ ካልሄድኩ ሌላ ሰው ይመደብላት፤ እንዳይረሷት።»

 የሪጅስትራር ኃላፊዋ ዓይኗን ጠረገችና የሴትዮዋን ጉዳይ ጻፈችው። ከዚያም ውሳኔው ተወሰነ። ማርታ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተች። የአራት ዓመት ውጤቷ ተሰረዘ፤ የተጻፈው በሕይወት በሌለች ሰው ስም ስለሆነ በራሷ ስም የሚመልስላት የለም። ስንወጣ ሰብሳቢው እጄን ጨብጠው «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አሉኝ። ቅጂውን አልሰጠሁም፤ አልዋሸሁም፤ አልተከላከልኩላትም። ተባበረ የተባለው ዝምታዬ ነው።

ኮሪደር ላይ ማርታ ጋሽ ተስፋይን ተሰናብታ በአጠገቤ አለፈች። ጋሽ ተስፋይ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ደንቡን አልነገርኳትም። ራሷ ነው ያወቀችው።»

ኮንትራቴ ታደሰ። ማዕከሉም ጸደቀ፤ አልመራውም አልኩ፤ የጥናት ጽሑፉም እንዳይታተም ከለከልኩ። ይህን ስነግራችሁ ጀግና እንዳታደርጉኝ፤ ኮንትራቱን ፈርሜያለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ፈሪም ነኝ። ጋሽ ተስፋይ በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ከወጣቶች ጸሎት መሪነትም ለቀቅሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ የለቀቅሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው። እጄን ሰው ትከሻ ላይ ስጭን ስልኬ የት እንዳለ ማሰብ ጀምሬ ነበርና።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መምህር ብትሆኑ፣ ጋዜጠኛ ብትሆኑ፣ ወይም እንዲሁ የሰው ችግር ሰምታችሁ ለሌላ ሰው የምታወሩ ብትሆኑ፣ ምክር ልስጣችሁ አልልም። እኔ ማን ነኝና። ብቻ «ስምሽን አልጠራሁም» ብላችሁ እንዳትጽናኑ። እኛ ሦስት ሰዎች አንዳችን ሌላውን ሳናስቀድም ስለ እሱ ላናወራ ተማምለን ነበር። ያን ክብር ለራሳችን ሰጠነው። ተማሪዎቹ ግን ይገባቸዋል ብሎ ያሰበ ከጋሽ ተስፋይ በቀር አልነበረም፤ እሳቸውንም አልሰማናቸውም። እኔ ዛሬ ክፍል ውስጥ ስም አልጠራም። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን «ማን ብዬ ልጥራህ? ማን ልበልሽ?» ብዬ እጠይቅና የነገሩኝን እጽፋለሁ። ይህም ማርታን አይመልሳትም።

አሁን ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንት ታስታምማለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ቅጂው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ላጥፋው ብዬ ስንት ጊዜ ጣቴን አነሳሁ፤ ግን የእኔ አይደለም። «ምን ላድርገው?» ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኳት፤ አልመለሰችልኝም።

አምልኮው ሲያልቅ ሄጄ ከጎኗ እቀመጣለሁ። እኔ፣ ያ ወሬኛው ሰውዬ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሰው እስኪወጣ ድረስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ ትነሳለች። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት እሁድ አሰብኩ፤ ግን ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። እስካሁን አልተናገረችም።